የጨርቅ ነጋዴው የብርጭቆ ጠብታ

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የምተርክላችሁ የአንድ ጨርቅ ነጋዴን ታሪክ ነው። ዘመኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ። በእኛ አገር አፄ ፋሲለደስ በነገሡበት በ1632፣ በሆላንድ፣ ደልፍት በምትባል በውሃ ቦይ የተከፋፈለች ከተማ ለአንድ ቅርጫት ሠሪ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ስሙም አንቶኒ ተባለ። አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ ሠዓሊው ዮሐንስ ቨርሜር ክርስትና ተነሣ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቨርሜር በዕዳ ተይዞ ሲሞት ንብረቱን እንዲያጣራ የተሾመው ይኸው የቅርጫት ሠሪው ልጅ ነው።

አንቶኒ አባቱ በልጅነቱ ሞቱበት። በ16 ዓመቱ አምስተርዳም ተልኮ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሙያ ለመደ። በ1654 ወደ ደልፍት ተመልሶ አገባ፣ ቤት ገዛ፣ ሱቅ ከፈተ። ጨርቅ ይሸጣል፣ አዝራር ይሸጣል፣ ጥብጣብ ይሸጣል። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም። ላቲን አያውቅም፤ በዚያ ዘመን በአውሮፓ ላቲን የማያውቅ ሰው ደግሞ ከሊቃውንት ማኅበር አይቆጠርም ነበር። የሚያውቀው የእናቱን ቋንቋ ሆላንድኛን ብቻ ነው።

ነገር ግን የጨርቅ ነጋዴ ከመቀሱና ከመለኪያ ዘንጉ ሌላ አንድ ዕቃ አይለየውም ነበር። አጉሊ መነጽር። ድሩንና ማጉን የሚቆጥረው በሱ ነው። ክሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ከሳሳ ዋጋው ይወርዳል። የሌቨንሁክ ዓይን ትንሽ ነገርን በትዕግሥት መቁጠር የለመደው በዚህ ሱቅ ውስጥ ይመስለኛል።

አሁን ባሕሩን ተሻግረን ለንደን እንግባ። እዚያ ሮበርት ሁክ የሚባል ሰው ነበር። በ1665 ማይክሮግራፊያ የተባለ መጽሐፉን አሳተመ። ቁንጫዋን በሰፊ ተጣጣፊ ገጽ ላይ ከነፀጉሯ አስቀርጾ ሲያወጣት አገር ጉድ አለ። ሥዕሎቹን ሁሉም ያወራል፤ እኔ ግን መቅድሙን ልንገራችሁ። እዚያ ውስጥ ሁክ አንድ የእጅ ሥራ በግልጽ አስቀምጧል። ጥሩ ብርጭቆ ስባሪ ውሰድ፤ በመብራት ነበልባል አቅልጠህ እንደ ክር ሳበው፤ የክሩን ጫፍ መልሰህ ነበልባል ውስጥ አግባው። ብርጭቆው ራሱን ሰብስቦ ትንሽ ድብልብል ይሆናል። አንዱን ወገን ሞርደህ አለስልሰው፤ በስስ ብረት ላይ በመርፌ በተበሳች ቀዳዳ በሰም አጣብቀው። እነሆ ማይክሮስኮፕ።

ሁክ ይህን ለዓለም ሁሉ ገልጦ ጻፈ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከትላልቆቹ ይልቅ ጥርት አድርጎ እንደሚያሳይም አልሸሸገም። እሱ ራሱ ግን ዓይኔን ይጎዳኛል ብሎ ተወው። ወደ ትልቁ ማይክሮስኮፕ፣ ሌንስ በሌንስ ላይ ወደተደረደረበት ተመለሰ። የዚያ ዘመን ሌንስ ደግሞ ጉድለት ነበረበት፤ የአንዱን ብዥታ ሌላው ያባብሰዋል፣ በምስሉ ዙሪያም የቀስተ ደመና ቀለም ይንሳፈፋል። አንዲት ፍሬ ብርጭቆ ግን ጉድለቷ የራሷ ብቻ ነው።

ወደ ደልፍት እንመለስ። በ1673 ሬኒየር ደ ግራፍ የተባለ የከተማው ሐኪም ለለንደኑ የሊቃውንት ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ ጸሐፊ ለሄንሪ ኦልደንበርግ ደብዳቤ ጻፈ። በከተማችን ከዚህ ቀደም ካየናቸው ሁሉ የሚበልጥ ማይክሮስኮፕ የሚሠራ ሰው አለ አለው። ከደብዳቤው ጋር የሌቨንሁክ ጽሑፍ አብሮ ሄደ፤ ስለ ሻጋታ፣ ስለ ንብ፣ ስለ ቅማል። ያ ደብዳቤ ለሃምሳ ዓመት የዘለቀ የደብዳቤ ጎርፍ መክፈቻ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት በከተማው አቅራቢያ ካለ ሐይቅ ውሃ ቀዳ። ውሃው በበጋ አረንጓዴ ደመና ያዝላል፤ የአገሩ ሰው ከጤዛው ነው ይላል። ሌቨንሁክ ጠብታውን በቀጭን የመስታወት ቱቦ አድርጎ ወደ ብርሃን አነሣና ተመለከተ። አረንጓዴው ነገር የተጠማዘዘ ጥብጣብ ይመስላል። በጥብጣቡ መካከል ደግሞ የሚዋኙ፣ የሚሽከረከሩ፣ ወደ ላይ ወደ ታች የሚሉ እንስሳት አሉ። ከዚያ በፊት ሰው መኖራቸውን አያውቅም ነበር።

ይህ አልበቃውም። ቁንዶ በርበሬ ምላስን የሚያቃጥለው ለምንድን ነው? ምናልባት ፍሬው ውስጥ እሾህ ይኖር ይሆን? እያለ ቁንዶ በርበሬ በውሃ ዘፍዝፎ ይዞ ቆየ። እሾህ አላገኘም። ያገኘውን ጥቅምት 9 ቀን 1676 በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ለለንደን ገለጠ። ከዚያ በፊት ካያቸው ሁሉ እጅግ ያነሱ፣ በአንድ ጠብታ ውስጥ ለቁጥር የሚታክቱ ሕያዋን ነበሩ። ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፋቸው በዚያ ደብዳቤ ነው።

ለንደኖች አላመኑትም። አይፈረድባቸውም፤ አንድ ሱቅ ጠባቂ በጠብታ ውሃ ውስጥ ከአገሬው ሕዝብ የሚበዛ ፍጡር አየሁ ቢል ማን ያምናል? ሌቨንሁክ ታዲያ አልተቆጣም፤ ያደረገውን ስሙልኝ። ቄሶችን ጨምሮ ስምንት የታመኑ ሰዎች ጠራ። አንድ በአንድ አሳያቸው። ያዩትንም በየእጃቸው አስጽፎ ላከ። ለንደን ላይ ደግሞ ሁክ የተወውን ሥራ መልሶ አነሣ፤ ቁንዶ በርበሬውን ዘፈዘፈ፣ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦ ሠራ፣ መጀመሪያ አልሆነለትም፣ ደገመ። ኅዳር 15 ቀን 1677 በማኅበሩ ፊት አሳየ። አሉ! ፍጡራኑ አሉ! በ1680 ላቲን የማያውቀው ነጋዴ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ከዚያ ወዲያ ያላየው ነገር የለም ማለት ይቀላል። በ1680 የቢራ እርሾ አየ፤ ድብልብል ቅንጣቶቹን ገለጣቸው፣ ሕይወት እንዳላቸው ግን አላወቀም። በ1683 ከገዛ ጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር አየና በአፉ ውስጥ ያሉት ፍጥረታት በሆላንድ ከሚኖረው ሰው እንደሚበዙ ጻፈ። በ1687 ደግሞ፣ ይህ እኛን ይመለከተናል፣ ቡና ይዞ ተቀመጠ። ፍሬውን ቆላው፣ በስሱ ቆራረጠው፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ መሆኑን አየ፣ ጨምቆም ዘይቱን አወጣ። መነሻው ከእኛ ጫካ የሆነው ፍሬ በዚያች ትንሽ ብርጭቆ ሥር ውሏል። በ1698 የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በጀልባ ደልፍት ሲመጣ፣ በእባብ ዓሣ ጭራ ውስጥ ደም ሲሮጥ አሳይቶታል።

መሣሪያው ምን ይመስል ነበር? ማይክሮስኮፕ ሲባል ትልቅ ቱቦ በዓይነ ሕሊናችሁ ከመጣ ሰርዙት። ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጡ ሁለት የነሐስ ወይም የብር ስስ ሰሌዳዎች ፊት ለፊት ተጣብቀዋል፤ በመካከላቸው በትንሽ ቀዳዳ ሌንሷ ተይዛለች። ከጀርባ የሚታየው ነገር የሚሰካበት ሹል ዘንግ አለ፤ ዘንጉን ወደ ሌንሱ የሚያቀርብና የሚያርቅ ብሎን አለ። ሰውየው ሰሌዳውን ዓይኑ ላይ ሊለጥፈው ደርሶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ያያል። ይኸው ነው።

እንዴት ያጎላል? ነገሩ ቀላል ነው። ማንኛውም ነገር ወደ ዓይናችን በቀረበ መጠን ትልቅ ሆኖ ይታየናል። ዓይናችን ግን ከ25 ሴንቲ ሜትር ወዲህ ከቀረበበት ይጨንቀዋል፣ ብዥ ይልበታል። ትንሿ ድብልብል ሌንስ ነገሩን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስጠግተን እንኳ ጥርት አድርገን እንድናየው ታደርጋለች። 25 ሴንቲ ሜትር 250 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ አንድ ስታወርዱት 250 ጊዜ ጎላ ማለት ነው። ስለዚህ ሌንሱ ባነሰ ቁጥር ይበልጥ ያጎላል። ዛሬ ካሉት የሌቨንሁክ መሣሪያዎች ሁሉ የሚበልጠው በሆላንድ ኡትሬክት ከተማ የሚገኘው ነው፤ 266 ጊዜ ያጎላል። የሌንሱ ስፋት ደግሞ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው።

ሌቨንሁክ ነሐሴ 26 ቀን 1723፣ ጎንደር ላይ አፄ በካፋ ነግሠው ሳለ፣ በ90 ዓመቱ አረፈ። ከ500 በላይ ሌንስ ሠርቷል። ከብር ከሠራቸው 26ቱን ለሮያል ሶሳይቲ ተናዘዘ፤ እነሱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፉ። የቀሩት በጨረታ ተበተኑ። አሠራሩን ግን ለማንም አልተናገረም። እንግዳ ሲመጣበት መካከለኛዎቹን ያሳያል፤ ምርጦቹን ለራሱ ያስቀምጣል። ደቀ መዝሙር አላፈራም።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የልቤን ልናገር። ሌቨንሁክን እወደዋለሁ፤ ይህን ዝምታውን ግን አልወድለትም። ከሱ በኋላ እነዚያን ደቂቅ ፍጥረታት በሱ ጥራት የሚያይ ለረጅም ዘመን አልተገኘም። ሳይንቲስቶቹ ሉዊ ፓስተርና ሮበርት ኮክ ተሐዋሲያን በሽታ እንደሚያመጡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስኪያሳዩ ድረስ ስንት እናት ከወለደች በኋላ በትኩሳት ሞታለች? ምሥጢሩ ቢገለጥ ዘመኑ ያጥር ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ አንድ ሺህ ዓይን ከአንድ ዓይን እንደሚሻል ግን አምናለሁ።

ምሥጢሩስ ምን ነበር? ሦስት መቶ ዓመት ሊቃውንት ተከራከሩ። አንዱ ሞርዶ ነው የሠራው አለ፣ ሌላው ነፍቶ ነው አለ። ሰሌዳዎቹን ፈትቶ ማየት ቅርሱን ማጥፋት ነው። በመጨረሻ የኡትሬክቱ መሣሪያ ወደ ደልፍት፣ ወደ ገዛ ከተማው ተመለሰ። በዚያ ባለው የምርምር ሪአክተር በኒውትሮን ጨረር አነሡት፤ ኒውትሮን ብረቱን አልፎ ውስጡን ያሳያል። ውጤቱን በ2021 ይፋ አደረጉት። የኡትሬክቱ ሌንስ ድብልብል ነው፤ ከጎኑም የተቆረጠ የብርጭቆ ክር ቅሪት ይታያል። ሁክ በአደባባይ ያሳተመው የእጅ ሥራ ራሱ! ሌሎቹን ሌንሶች ሞርዶ ሳይሠራቸው አልቀረም፤ ኃይለኛው ግን በነበልባል የተድበለበለ ክር ነበር። ምሥጢር የተባለው ነገር መጽሐፍ ቤት ውስጥ ለገለጠው ሁሉ ተቀምጦ ኖሯል።

እንግዲያው እኔም አልደብቃችሁም። ቤታችሁ ባለው ዕቃ እንሥራው። ብርጭቆ ማቅለጥ እሳትና የዓይን መከላከያ ይፈልጋል፤ ለልጆችም አይሆንም። እኛ በፈሳሽ ጠብታ እንሠራለን፤ ጠብታ በራሱ ጊዜ የሚድበለበል ሌንስ ነውና።

ባዶ የለስላሳ ጣሳ ፈልጉ። ከጎኑ ሁለት ጣት ስፋት፣ አንድ ጣት ርዝመት ያለው ቁራጭ በመቀስ ቁረጡ። ጠርዙ እጅ ይቆርጣልና በፕላስተር ሸፍኑት። እንጨት ላይ አስተኝታችሁ በቀጭን ሚስማር መካከሉን ብሱት፤ ቀዳዳው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ፍጹም ክብ ይሁን። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና አትቸኩሉ። የቀዳዳው ከንፈር ከተሸራረፈ ጠብታው ይንጋደዳል፣ ምስሉም ይንጋደዳል። በብርጭቆ ወረቀት ከሁለቱም ወገን ቀስ ብላችሁ አለስልሱት። ከዚያ በቀዳዳው ዙሪያ ላይና ታች ስስ ቫዝሊን ቀቡ፤ ቀዳዳው ውስጥ ግን አይግባ። ቫዝሊኑ ጠብታው ተንጣልሎ እንዳይፈስ ያግደዋል።

አሁን በስቴኪኒ ጫፍ ንጹሕ ውሃ ነክታችሁ ቀዳዳው ላይ ጣሉ። ውሃ ግን ብዙ ሳይቆይ ይተናል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ባለበት አገር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ለቆዳ የምትቀቡትን ግሊሰሪን ያለ ቅልቅል ተጠቀሙ። ቶሎ አይተንም፤ ብርሃንንም ከውሃ ይበልጥ ያጥፋል፣ ስለዚህ በዚያው መጠን ይበልጥ ያጎላል። ጠብታችሁ ሙሉ ድብልብል ስለማይሆን ከ50 እስከ 100 ጊዜ ካጎላላችሁ ደግ ነው።

መቆሚያውም ቀላል ነው። ሁለት የክብሪት ቤቶች አራርቃችሁ አቁሙ። ከላያቸው ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቁራጭ ወይም መስታወት ጋደም አድርጉ፤ የምታዩት ነገር የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ከሥር ትንሽ መስታወት አጋድማችሁ የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ አንጸባርቁ። የሰማዩን ብርሃን እንጂ ፀሐይዋን ራሷን በፍጹም አታንጸባርቁ፤ ዓይን ያጠፋል። የጣሳውን ቁራጭ ከላይ አድርጉት። ጠብታው የሚታየውን ነገር ሊነካው ጥቂት ሚሊ ሜትር እስኪቀረው መጠጋት አለበት፤ ከጣሳው ጠርዝ ሥር ወረቀት በወረቀት ላይ እየደረባችሁ ወይም እየቀነሳችሁ ከፍታውን አስተካክሉ። ሌቨንሁክ በብሎን የሠራውን እናንተ በወረቀት ትሠሩታላችሁ። ዓይናችሁን በጣም አስጠጉ። ሽፋሽፍታችሁ ጠብታውን ሊነካው ይደርሳል። መጀመሪያ ብዥታ ብቻ ነው የምታዩት፤ ጣሳውን በጣታችሁ ጫፍ ረገጥ ለቀቅ ስታደርጉ በድንገት ጥርት ይላል።

ምን ይታያል? በቀይ ሽንኩርት ጀምሩ። በቅጠሎቹ መካከል ያለችውን ስስ ሽፋን ላጡና በውሃ ጠብታ ላይ ዘርጓት፤ የቁስል አዮዲን ጠብ አድርጉባት። የሕዋሳቱ ግድግዳ፣ በየሕዋሱ ውስጥም አንዲት ጥቁር ነጥብ ትወጣለች፤ ኒውክሊየሱ ናት። ቀጥሎ በአበባ ማስቀመጫ የሰነበተ ውሃ አምጡ፤ ዕድለኞች ከሆናችሁ የሚሽከረከረውን ታገኛላችሁ። ከሐይቅ ወይም ከኩሬ የምትቀዱ ከሆነ እግራችሁንም እጃችሁንም አትንከሩ፤ ረጅም እጀታ ባለው ጣሳ ቅዱ፣ ቢልሃርዚያ በብዙ ሐይቆቻችን ዳር አለና።

ባክቴሪያን ግን በጠብታ አያለሁ ብላችሁ አትድከሙ። አብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ሺህኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሱ የሌቨንሁክ ዓይነት ጥሩ ብርጭቆ ያስፈልጋል። የእንጀራ እርሾ ግን በአቅማችሁ ነው። ቡሆው ላይ ካቀረረው ቢጫ ውሃ በስቴኪኒ ጫፍ ወስዳችሁ በብዙ ውሃ አቅጥኑት። ነጥብ ነጥብ የሚሉ ድብልብሎች ታያላችሁ። ሌቨንሁክ ከቢራ ጋን ያወጣው ዓይነት ፍጡር ነው። እሱ ሕይወት እንዳለው ሳያውቅ ሞተ፤ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሕንድ የተወለደው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ማኑ ፕራካሽ ይህንኑ የአንዲት ድብልብል ሌንስ ሐሳብ ይዞ ከወረቀት የሚታጠፍ ማይክሮስኮፕ እንደሠራ በ2014 ከባልደረቦቹ ጋር ጽፏል። ፎልድስኮፕ ይባላል፤ የዕቃው ዋጋ ያኔ ከአንድ ዶላር በታች ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ በዓለም ተሰራጭቷል። ያ የወረቀት መሣሪያ በየትምህርት ቤቱ ቢገባ ደስታዬ ነው። እስኪገባ ግን ጣሳና ግሊሰሪን አለ። ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የሕዋስን ሥዕል ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ገልብጦ የሚያድግ ልጅ ሳስብ አንጀቴ ይቆስላል፤ ሽንኩርቱ በእናቱ ጓዳ እያለ!

አንድ ነገር ልጨምርና ልፈጽም። ያያችሁትን ቀኑን ጽፋችሁ፣ መጠኑን ገምታችሁ ሣሉት። ሌቨንሁክ የአሸዋ ቅንጣትንና የፀጉርን ውፍረት ይዞ ይገምት ነበር፤ እናንተም ከራሳችሁ አንዲት ፀጉር ነቅላችሁ ከጠብታው ሥር አስቀምጡና አወዳድሩ። ሥዕል የማትችሉ ከሆነ አትፈሩ፤ እሱም አይችልም ነበር፣ ሠዓሊ ቀጥሮ ያሥል ነበር። እናንተ የስልካችሁን ካሜራ በጠብታው ላይ ደፍታችሁ ማንሣት ትችላላችሁ። ከዚያ እህታችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ መምህራችሁን ጥሩ። ምን እንዳያችሁ አስቀድማችሁ አትንገሯቸው፤ ይዩና ራሳቸው ይናገሩ። የሁለታችሁ ቃል ካልገጠመ ጠብታውን ጥረጉ፣ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ደግማችሁ አለስልሱ፣ አዲስ ግሊሰሪን ጣሉና እንደገና ተመልከቱ።